አድራሻው ቢቀያየርም ስሙ የማይጠፋ ቤት

መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ እንደ አዲስ ተነስቶ ከኢንተርኔት አቅራቢው አድራሻ ይጠይቃል። የሚሰጠው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከትናንቱ የተለየ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለውጡን አያውቀውም፤ ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም እንደወትሮው ይከፈታል። የሚቸገረው ከውጭ ወደ ቤቱ የሚገባው ነው፦ ሪያድ ሆና የእናቷን ግቢ በካሜራ የምታይ ልጅ፣ ቢሮ ተቀምጦ ቤት ካለው ኮምፒውተር ፋይል የሚፈልግ ባለሙያ። ትናንት የመዘገቡት ቁጥር ዛሬ የማያውቁት ሰው ራውተር ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ የሚቀያየረው አንድም ከእጥረት የተነሳ ነው። በስፋት የሚሠራበት የአይፒ አድራሻ ዓይነት ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ ክምችት የቀሩት የመጨረሻ ጥቅሎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍለው አልቀዋል። ስለዚህ አቅራቢዎች ያላቸውን ለደንበኞቻቸው እያፈራረቁ ያከራያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የነደፈው ዲኤንኤስ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ መዝገብ ነው። መዝገቡ ግን በአመዛኙ ከቦታው ለማይነቃነቅ ኮምፒውተር የታሰበ ነበር። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ለተከራይ የመጣ መላ ነው። ከቤት ቤት የሚዛወር ሰው በየጊዜው ለሠፈሩ ባለሱቅ «አሁን ያለሁት እዚህ ነው» ብሎ ከሄደ፣ ፈላጊ ሁሉ ባለሱቁን ጠይቆ ያገኘዋል። ራውተሩም እንዲሁ አድራሻው በተለወጠ ቁጥር ስሙንና ሚስጥራዊ ቁልፉን ይዞ አጭር መልእክት ይልካል፤ አገልግሎቱም መልእክቱ የመጣበትን ቁጥር ከስሙ ጎን ይጽፋል። አሮጌው መልስ ሰው ዘንድ እንዳይቆይ ዕድሜው አጭር ይደረጋል፤ 60 ሰከንድ የተለመደ ነው።

ገና ምንም ሳይሞሉ ግን አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ቀኑን በከንቱ ያቃጥላል። በራውተሩ ገጽ ላይ «ዋን» በሚለው ሥር ያለውን ቁጥር፣ ከውጭ የሚታየውን አይፒ ከሚያሳይ ድረ ገጽ ጋር ያስተያዩ። ከተመሳሰሉ መንገዱ ክፍት ነው። የራውተሩ ቁጥር በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። ስሙ በትክክል ቢመዘገብም የሚያደርሰው ከአቅራቢው በር ላይ ነው። ያኔ የራስዎን የውጭ አድራሻ መጠየቅ፣ አለዚያም እንደ ቴይልስኬል ያለ፣ ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚጀምር መሣሪያ መጠቀም ይሻላል።

ሌላው ቀላል ነው። ደክ ዲኤንኤስ ወይም ኖ-አይፒ ዘንድ ስም ያወጣሉ፤ በራውተሩ የዲዲኤንኤስ (ዳይናሚክ ዲኤንኤስ) ገጽ ስሙንና ቁልፉን ሞልተው ያስቀምጣሉ። ሲሞክሩት የቤቱን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሁን፤ አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ሆነው በውጭ ስሙ ሲጠሩት አይመልስም።

ስሙ የሚያደርሰው እስከ አጥሩ በር ነው። በሩን የሚከፍተው ፖርት ፎርዋርዲንግ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። የካሜራውን ፖርት በቀጥታ ለዓለም መክፈትን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከፋብሪካ በወጡበት ፓስዎርድ የቀሩ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ማረከ። በጥቅምት 21 ያን ሠራዊት የተጠቀሙ አጥቂዎች የትልልቅ ድረ ገጾችን የዲኤንኤስ መዝገብ ይይዝ የነበረውን ዳይን የተባለ ኩባንያ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙዎች ተቋረጡ። ዳይን ደግሞ ሥራውን የጀመረው ለቤት ተጠቃሚዎች ዳይናሚክ ዲኤንኤስ በማቅረብ ነው። ይህን አገልግሎት ለዓለም ያስለመደው ድርጅት የተመታው ሳይጠበቁ በተተዉ የቤት ዕቃዎች መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የሚከፈተው በር አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም የቪፒኤን። ራውተሩ ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ካለው ፖርት 51820 ይበቃል፤ ካሜራውም ፋይሉም ከውስጥ ሆኖ ይታያል። የራውተሩንም ፓስዎርድ ዛሬውኑ ይቀይሩ። የኖ-አይፒን ነፃ ስም ከወሰዱ ደግሞ በየ30 ቀኑ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ፣ ቀኑን ስልክዎ ላይ ይያዙት።