ለመንገድ የሚሆን ምድጃና መጥበሻ ስትገዙ

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ወይም ከባቢሌ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚያቀና ነጋዴ፣ ከብቱ ኬላ ላይ ከተያዘ ሌሊቱን መኪናው አጠገብ ያሳልፋል። ሆቴል ቅርብ ካልሆነ ለሾፌሩ፣ ለረዳቱና ለእረኞቹ ምግቡ የሚበስለው እዚያው ነው። ሦስት ጉልቻ ጎልቶ እንጨት ማንደድ የቆየ ልማድ ነው። ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ በቆመበት ግን ነፋስ የሚበትነው ፍንጣሪ ጭነቱን ከነከብቱ ሊያነድ ይችላል። በምድጃም ቢሆን ከመኪናው ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱ ከመኪናው ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል አብስሉ።

ገበያ ላይ ያለው የከሰል ምድጃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮ የሆነው እና ውስጡ ሸክላ ያለው። ባለ ሸክላው የኬንያ ጂኮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከታይላንድ ምድጃ ሐሳቡ ተወስዶ የተሠራ ነው፤ በኢትዮጵያ ላቀች የሚባለውም የእሱ ዘመድ ነው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል፣ የውጪው ቆርቆሮም ያን ያህል አይፋጅም። ችግሩ ኮረኮንች መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላችሁ፣ አቁማችሁ ጫኑት፤ ግሎ ሳለ ውኃ አታፍስሱበት። ስትገዙ ሸክላውን በጣት አንኳኩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ሌላ አንሱ። ሸክላው ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘበትም ቦታ መነቃነቅ የለበትም።

ሥጋ ለመጥበስ ጂኮ ይጠብባል። ስድስት ሰባት ሰው ካላችሁ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የሚሠራው፣ ኬንያ ውስጥ ኒያማ ቾማ የሚጠበስበት ዓይነት ይሻላል። ብየዳ ቤት በትንሹ ያሠሩታል። እዚህ ላይ ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ሳትጠይቁ አትክፈሉ። የመዥገር መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። ለፍርግርጉም ዚንክ የተቀባ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። ተራ ፌሮ ይበቃል። የዘንጎቹ ክፍተት ከአንድ ጣት አይብለጥ። እግሮቹ ሰፋ ያለ መርገጫ ይኑራቸው፤ አለበለዚያ አሸዋ ላይ ይሰምጣሉ።

ክዳን ያለው ምረጡ። የጥቁር ራስ በግ ላት ፍም ላይ ሲንጠባጠብ እሳቱ ይነሳል፤ ክዳኑ ያፍነዋል። ስትጨርሱም ከሰሉን አፍኖ ስለሚያጠፋው ለነገ ይተርፋል።

ቡታጋዝ ፈጣን ነው፣ አመድም የለውም፤ ለሻይ እኔም እመርጠዋለሁ። ነገር ግን ከኬንያ ያመጣችሁትን ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር ድንበር ስትሻገሩ የት እንደምትቀይሩት አስቀድማችሁ እወቁ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለል ላይ ይጠራቀማል። ጋቢና ውስጥ አታስቀምጡት። ማፍተልከኩን በሳሙና አረፋ መፈተሽ ነው እንጂ በክብሪት አይሞከርም።

ከሁሉም የከፋው ብርድ ሲመጣ ነው። በደጋው መንገድ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሰሉን ጋቢና ወይም ሸራ ውስጥ አስገብቶ መተኛት የተለመደ ነው፤ ሰው የሚሞትበትም እዚህ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ ስለሌለ ደህና ነው አትበሉ፤ ጥርት ብሎ የቀላ ፍምም፣ አመድ የለበሰ ረመጥም ያወጣዋል። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛት አያስተማምንም። ምድጃው ውጭ ይደር፤ የሚሞቀው በብርድ ልብስ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ወዲያው አውጥታችሁ ንጹህ አየር ስጡትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

መንገድ ላይ በድንገት የሞተ ከብትን ሥጋም ምንም ያህል ጥሩ መጥበሻ ቢኖራችሁ አትጥበሱ፤ አትረዱትም። አባ ሰንጋ ከሆነ ሲገፉትና ሲበልቱትም ይይዛል፣ ዘሩም ተራ ጥብስ በቀላሉ አይገድለውም። ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ።

ከሰሉን ደግሞ ካደራችሁበት ከተማ ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ብቻ ግዙ። ማጓጓዝ በየአገሩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሶማሊያ ወደ ውጭ መላክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በጸጥታው ምክር ቤት ታግዷል። የከብቱ ሰነድ ሁሉ የተሟላለት መኪና በአንድ ጆንያ ከሰል የተነሳ ኬላ ላይ ቢቆም፣ ኪሎ እየቀነሰ የሚጠብቀው ከብቱ ነው።