«ዘፈን እንጀራ አይሆንም»፦ በልጅ ህልምና በወላጅ ሥጋት መካከል የቆሙ ተረቶች

ልጅ «ሙዚቃ ልማር»፣ «ሥዕል ልማር» ባለ ቁጥር በብዙ ቤት የሚሰሙት አባባሎች ተመሳሳይ ናቸው። ከመደጋገማቸው የተነሣ እውነት ይመስላሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ ወደ ጥበብ የሚሄደው ትምህርት የከበደው ነው።
እውነታ፦ ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር። ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለና ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ገባ፤ የኢትዮ ጃዝ አባት ለመባልም በቃ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምህንድስና ሊያጠኑ ነው። በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሚታየው ግዙፍ የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ሥራ ነው። ሁለቱም የትምህርት ዓይነት ቀየሩ እንጂ ከትምህርት አልሸሹም።

ተረት፦ ከተከለከለ ይረሳዋል።
እውነታ፦ ፊዚክስ ደብተሩ ከኋላ ሲገለጥ በእርሳስ የተሣሉ ፊቶች የሞሉበትን ልጅ አስቡ። አባት ገጾቹን ቀዶ ከጣለ በኋላ ሌላ ሥዕል አያገኝም፤ ልጁ መሣሉን ሳይሆን ማሳየቱን ስለተወ ነው። ድምፃዊውን ጥላሁን ገሠሠን ወሊሶ ያሳደጉት አያቱም ትምህርቱ ላይ ብቻ እንዲያተኩር አጥብቀው ይሹ ነበር፤ እሱ ግን ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ። እርግጥ ጥላሁንን የምናውቀው ስለተሳካለት ነው፤ ጠፍተው መንገድ የቀሩትን በስም የሚጠራ የለም። ክልከላ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁን ከጥበቡ ሳይሆን ከመካሪው ይለየዋል።

ተረት፦ ጥበብ እንጀራ አይሆንም።
እውነታ፦ ግማሹ እውነት ነው። የሙዚቀኛ ገቢ እንደ ደመወዝ ወር ጠብቆ አይመጣም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሠርግ ሥራ ይቆማል። ሌላው ግማሽ ግን የውል ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ዜማውን በአንድ ክፍያ ጠቅልሎ የሸጠ ወጣት ግን ዘፈኑ በየታክሲው ሲከፈት ከመስማት ያለፈ ድርሻ አይኖረውም። ውል አንብቦ የሚያስጠነቅቅ ትልቅ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተኳረፈው ወላጅ ነው።

ተረት፦ የቤተሰብ ስም ያስጠፋል።
እውነታ፦ «አዝማሪ» ስድብ ሆኖ በኖረበት አገር ይህ ሥጋት ከሜዳ አልመጣም። ግን እዚሁ አገር ዜማ በአብነት ትምህርት ቤት ዓመታት የሚለፋበት የተከበረ ዕውቀት ነው። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነው በዲግሪ ያስመርቃሉ። ከአያቱ ቤት የጠፋው ጥላሁን ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ ነው የተቀበረው።

ተረት፦ ወላጆቼ የሚቆጡት ህልሜን ስለሚጠሉ ነው።
እውነታ፦ ይህኛው የወጣቶች ተረት ነው። ችግርን የቀመሰ ወላጅ ፍርሃቱን በቁጣ ይናገራል። «ተሰጥኦ አለኝ» ማለት ያን ፍርሃት አያበርደውም፤ የሚያበርደው ዝርዝር ነው። የመግቢያ ፈተናው መቼ ነው? ወጪው ስንት ነው? የ12ኛ ክፍል ጥናትስ በምን ሰዓት ይሆናል? ካልተሳካ ቀጣዩ ምንድን ነው? ለእነዚህ መልስ ይዞ የቀረበን ልጅ «አይሆንም» የሚል ወላጅ ቢያንስ ምክንያቱን ለመናገር ይገደዳል፤ በምክንያት ላይ ደግሞ መነጋገር ይቻላል።