ኮሽም ከአጥር ወደ ማጀት

በሮቤና በጎባ አካባቢ ስለ ስንዴና ስለ ገብስ ብዙ ተመክሯል፤ ማሳውን ስለሚያጥረው እሾሃም ዛፍ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ኮሽም የአገራችን ተወላጅ ሲሆን በወይና ደጋና በደጋ ይበቅላል። እሾሁ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ከብት አይደፍረውም። ፍሬው ክብ ነው፤ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ሲበስል ብርቱካንማ ቢጫ ይሆናል። ከእሱ እረኞች ጥቂት ይለቅማሉ፤ የቀረው ለወፍ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግን ከሲሎን ዘመዱ ጋር የተዳቀለው ኮሽም «የሐሩር አፕሪኮት» ተብሎ ለማርማላታ ይተከላል።

ፍሬው እጅግ ኮምጣጣ ነው፤ ጥሬውን ፊቱን ሳያጨማድድ የሚበላ የለም። ለማጀት የሚፈለገውም ይኸው ኮምጣጣነቱ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሎሚ አይስማማቸውም፤ ከቆላ የመጣውን መግዛት ግድ ይሆናል። ስለዚህ የበሰለ ኮሽም ተጨምቆና ተጠልሎ በሰላጣ፣ በቃሪያ ስንግና በአዋዜ ሊገባ ይችላል። ከወይብና ከዳንካ ወንዞች በፈቃድ የሚጠመደውን ትራውት ዓሣ ከመጥበስ በፊት በጭማቂው ማሸትም ጥሩ ነው። እኛ ከማርማላታው ይልቅ ይህን እናስቀድማለን፤ ስኳር አያስወጣምና።

ማርማላታ ለመሥራት ለሚፈልጉ ማኅበራት አሠራሩ እንዲህ ነው። በደንብ የበሰለው ፍሬ ተለቅሞ ይታጠባል፤ ግርጌው ላይ የሚቀረው የአበባ ሽፋን ይነሣል። በጥቂት ውሃ እስኪፈርስ ተቀቅሎ በወንፊት ይጠለላል። ለ1 ኪሎ ግራም ጥላይ 1 ኪሎ ግራም ስኳር ጨምሮ እያማሰሉ ማንተክተክ ነው። አሲዱ ብረት ድስትን ስለሚበላ በሚገባ የተሟሸ ሸክላ ይመረጣል።

እዚህ ላይ የከፍታው ነገር መታወቅ አለበት። መጻሕፍት ማርማላታ በ104 ወይም በ105 ዲግሪ ይረጋል የሚሉት ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። በሮቤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 96 ወይም 97 ዲግሪ ይበቃል። 105ን የሚጠብቅ ሰው ስኳሩን ያሳርራል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጥቂት ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጎ ማዘንበል ነው፤ ካልፈሰሰ ደርሷል። በአንጻሩ ጠርሙሶቹ በፈላ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል መቆየት ይኖርባቸዋል። በስኳር ፋንታ የሐረና ማር ቢገባ ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማር ውሃ ስላለው እምብዛም አይረጋምና ቶሎ ለሚበላ ብቻ ይሠራ። ከድፎ ዳቦ ጋር ይስማማል።

የልማት ሠራተኞች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ኮሽም ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ገበሬው ፍሬ የማይሰጠውን «መካን ነው» ብሎ ለማገዶ ሲቆርጠው፣ ለጎረቤቱ ሴቴ ዛፍ ዱቄተ ዘር የሚሰጠውን ወንዴ አጠፋ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሴቴውም ፍሬ ይሳሳል። ችግኝ ሳያብብ ጾታው ስለማይለይ ዘሩን ሳይደርቅ ዘርቶ ችግኙን ቀረብ ቀረብ አድርጎ መትከል፣ በአበባው ጊዜም በየወንዴው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ማሰር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ከወንዴው የበዛውን መቀነስ ይቻላል፤ ጥቂቱ ግን በአጥሩ ዙሪያ ተሰበጣጥሮ ይቅር።