የታሰረ ውሻ አፍንጫ

በየግቢያችን ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ውሻ ሞልቷል። ሲጮህ፣ ሰንሰለቱን ሲያኝክና አፈር ሲቆፍር ከዋለ ባለቤቱ «ጉልበት በዝቶበት ነው» ይልና ጥቂት እንዲሮጥ ይፈታዋል። መሮጥማ ያስፈልገዋል፤ ይበልጥ ሥራ የፈታው ግን አፍንጫው ነው ባይ ነኝ። ሰው 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል ሽታ ተቀባዮች ሲኖሩት የውሻ ከ200 ሚሊዮን ያልፋል። ሲያሸት ከሚስበው አየር ከፊሉ ወደ ሳንባ ሳይወርድ ከአፍንጫው ጀርባ ወዳለው የሽታ ክፍል ተለይቶ ይሄዳል። የሚያስወጣው ትንፋሽ ደግሞ በአፍንጫው ጎን ባሉት ስንጥቆች ስለሚወጣ ከፊቱ ያለውን ሽታ አይበትንበትም። ይህን የታደለ እንስሳ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ጥግ ሲያሸት ይኖራል።

ተመራማሪዎቹ ቻርሎት ዱራንቶንና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ገሚሶቹ ውሾች ለሁለት ሳምንት ምግብ በማሽተት መፈለግን፣ የቀሩት ከባለቤታቸው ጎን መራመድን ተለማመዱ። ሁሉም አስቀድመው አንድ ነገር ተምረዋል፤ ሳህኑ በአንድ በኩል ሲቀመጥ ምግብ አለበት፣ በሌላው በኩል ሲሆን ባዶ ነው። ከዚያ ከልምምዱ በፊትና በኋላ ሳህኑ መሃል ላይ ተደርጎ ታየ፤ ፈጥኖ የሚሄድ ውሻ ምግብ አለ ብሎ ተስፋ አድርጓል ማለት ነው። በማሽተት ሲፈልጉ የከረሙት ከበፊቱ ፈጥነው ሄዱ፤ የተራማጆቹ ፍጥነት አልተለወጠም። ውሾቹ 20 ብቻ ስለነበሩ የመጨረሻ ቃል ነው አልልም። ሆኖም ሁለቱም ወገን ጉርሻ ያገኝ ስለነበር ልዩነቱን በምግብ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። እኔ የምሰጠው ምክንያት፣ የሚፈልገው ውሻ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ መወሰኑን ነው።

ስለዚህ ውሻችሁን የፍለጋ ጨዋታ ስታስጀምሩት አትርዱት። ሦስት አራት ባዶ ካርቶን ደርድሩ፤ በአንዱ ውስጥ እያየ የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ ጨምሩና «ፈልግ!» ብላችሁ ዝም በሉ። ሥጋው ወጥ ያልነካው ይሁን፤ ሽንኩርት ውሻን ይጎዳል። በጣት ካሳያችሁት ጣታችሁን መከተል ይለምዳል። ዝም ብትሉ ግን ብዙ ታያላችሁ፤ ሽታውን ካለፈው አንገቱ ድንገት ወደ ኋላ ይዞራል፣ ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ይሆናል፣ የጅራቱ አወዛወዝ ይለወጣል። ሲያገኝ እዚያው ካርቶን ውስጥ ሌላ ጨምሩለት። ልጆች ካርቶኑን ከአፉ እንዳይነጥቁት አደራ። ሲገባው እያየ መደበቁን ተዉት።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የመርዝ ነገር ነው፤ ከመሬት መልቀም የለመደ ውሻ ሌባ የወረወረለትንም ይበላል ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለዚህም ነው ምግቡ መሬት ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ ካርቶን ውስጥ፣ ሁልጊዜ ከትእዛዙ በኋላ የሚሆነው። ቆይቶ ደግሞ ምግቡን በጨርቅ ቀይሩት፤ ጨርቁን ሲያገኝ ከእጃችሁ ይጉረስ። በአሜሪካ ጨዋታው ስፖርት ሆኖ ውሾች የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ይፈልጋሉ፤ የሚጎርሱት ከጌታቸው እጅ ነው። ይህ ከመርዝ ያድነዋል አልልም፤ ተርቦ የሚያድር ውሻ ግን ጨዋታ ባይለምድም የተወረወረለትን ይበላል። «ጨዋታ ከጥበቃው ያዘናጋዋል» ለሚሉም፣ ቀኑን ሙሉ ላለፈ ላገደመው የሚጮህ ውሻ ሌሊት ሲጮህ ማን ከአልጋው ይነሳል?

ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ከጀመረ እንደ ልቡ ማሽተት ስለማይችል፣ የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አስገኙትና ውሃ ስጡት።