ጥርኝ ይያዛል እንጂ አይራባም

አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ፌሬት የተባለውን ቀጭን ሥጋ በል እንስሳ እንደ ድመት ቤታቸው ያኖራሉ። ጥንቸል ከጉድጓድ እንዲያስወጣላቸውና አይጥ እንዲያድንላቸው ለብዙ ትውልድ ሲያራቡት ስለኖሩ ዛሬ ግልገሉ በገበያ ይሸጣል። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ጥርኝ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ጥርኝን ቤቱ የሚያኖር ሰው የሚፈልገው ዝባዱን እንጂ እንስሳውን አይደለም።

ዝባድ ከጥርኝ ጅራት ሥር ካለ ከረጢት የሚወጣ ቅባት ነው። ሽቶ ሠሪዎች የሚገዙት የሌላው መዓዛ ቶሎ በንኖ እንዳይጠፋ ስለሚይዝላቸው ነው። የተፈጥሮ ዝባድን ለዓለም ገበያ በብዛት ስታቀርብ የኖረችው ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ሥራው በተለይ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ይታወቃል። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በባኮ፣ በጉደር፣ በአምቦና በጊንጪ ያልፋል። ታዲያ የምዕራብ ሸዋ ሰው መንገዱ በደጁ እያለ ለምን አይገባበትም? ሂሳቡን ማየት ይበጃል።

ወንዱ ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ ይያዝና መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ማሰሪያ ውስጥ ሆኖ ጭስ በማይለየው ጎጆ ይቀመጣል። በየአሥር ቀኑ ገደማ የኋላ እግሮቹና ጅራቱ ተይዘው ከረጢቱ ይጨመቃል፤ የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። ቀለቡ ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ነው። ይህ ሁሉ አምቦ ገበያ ወጥቶ በዕለቱ ገንዘብ የሚሆን ዕቃ ሲሆን፣ ዝባዱ ግን ተጠራቅሞ በቀንድ እስኪሞላ ብዙ ያስጠብቃል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ላም ጥጃ፣ ዶሮም ጫጩት ትተካለች። የሚታሰረው ወንዱ ብቻ በመሆኑ ጥርኝ አይራባም፤ ብዙዎቹ በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሞቱም ምትኩ ዘወትር የሚመጣው ከጫካ ነው። በኢኮኖሚ ቋንቋ ራሱን የማይተካ ካፒታል ማለት ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ባለበት አገር ደግሞ የዱር አውሬ ያለ ፈቃድ አይያዝም።

ገበያውም አስተማማኝ አይደለም። የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ንጥረ ነገር አሠራር ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 ለይቶ አውቋል፤ በ1939ም የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ከዚያ ወዲህ ሽቶ ፋብሪካው ሰው ሠራሹን መግዛት ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች የጥርኙን አያያዝ ለዓለም ሲያሳዩ የገዢው ፍላጎት ይበልጥ ቀዘቀዘ። ከቅቤ ጋር የሚደባልቁ ነጋዴዎችም አልረዱትም።

ከአምቦ መንገድ ብዙም በማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን ግን ሌላ ሐሳብ አለ። በዚያ ደን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ጥርኝ በሌሊት ሲዘዋወር ዝባዱን በመንገዱ ዳር ባሉ ዛፎችና ሌሎች ነገሮች ላይ እንደሚቀባ መዝግቧል። ይህን ከግንዱ ላይ የሚለቅም ሰው ቀለብም ማሰሪያም አያስፈልገውም። የሚጠይቀው የደኑን ባለቤት ፈቃድ፣ ብዙ እግርና ለንጹሕ ዝባድ የተሻለ የሚከፍል ገዢ ነው። ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ይመስላል።