ታይመሩ ሲደውል ሴንሰሩን ማን ያንብብ?

በሁለት ጎማ ብቻ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሮቦት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዳይወድቅ የሚያደርገው የጊዜ ልክ ነው! ኤምፒዩ 6050 የሚባለው ሴንሰር ሮቦቱ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እየዞረ እንደሆነ ይነግረናል። ምን ያህል እንዳዘመመ የምናውቀው ግን ያንን ቁጥር በንባቦቹ መካከል ባለፈው ጊዜ እያባዛን ስንደምር ነው። አንዱ ንባብ በ4 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው በ7 መጥቶ ሁሉንም በ5 ካሰላነው ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ታይመር ኢንተራፕት የሚመጣው ለዚህ ነው። የአርዱይኖ ኡኖ አር3 ቺፕ፣ ኤቲሜጋ 328ፒ፣ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ታይመር 1 ይህን ለ64 አካፍሎ ከ0 እስከ 1249 እንዲቆጥር ካዘዝነው፣ ልክ በየ5 ሚሊሰከንዱ የተያዘውን ሥራ አቋርጦ እኛ የጻፍናትን አጭር ኮድ ያስኬዳል።

ታዲያ ሴንሰሩን እዚያው ለምን አናነበውም? ሁሉም ጀማሪ ይህን ያስባል፤ ሐሳቡም ደስ ይላል። ችግሩ ኤምፒዩ 6050ን የምናነጋግርበት ዋየር የተባለው ላይብረሪ ራሱ በኢንተራፕት የሚሠራ መሆኑ ነው። ቺፑ ደግሞ አንድ ኢንተራፕት ውስጥ ሲገባ ሌሎቹን ይዘጋል። ዋየር «ባይቱ ደርሷል» የሚለውን ምልክት ይጠብቃል፤ ምልክቱ የሚመጣበት በር ተዘግቷል። የጊዜ ገደብ ካላበጀንለት በቀር ፕሮግራሙ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

ፕሮግራሙ ባይደርቅ እንኳ ጊዜው አይበቃም። የሴንሰሩን 14 ባይት በ100 ኪሎኸርዝ ማንበብ 1.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። የአርዱይኖ የሚሊሰከንድ ቆጣሪ ደግሞ በየ1.024 ሚሊሰከንዱ የራሱን ኢንተራፕት ይፈልጋል። አንዱ ተራ ቢጠብቅ ችግር የለም፤ ሁለተኛው ከተደረበ ግን አንዱ ይጠፋል፣ ሰዓታችንም ወደ ኋላ ይቀራል።

የትምህርት ቤት ደወል የሚደውል ሰው ደውሎ ይመለሳል እንጂ ክፍል ገብቶ አያስተምርም። ኢንተራፕቱም እንዲሁ ይሁን፦ አንዲት ባለ አንድ ባይት ምልክት ወደ 1 ይቀይርና ይውጣ። ዋናው ሉፕ ምልክቷን ሲያይ ወደ 0 መልሶ ሴንሰሩን ያንብብ። ምልክቷን «ቮላታይል» ብላችሁ አውጇት፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ የማትለወጥ መስላው ደግሞ ላያያት ይችላል። ከአንድ ባይት የሚበልጥ ቁጥር የምትለዋወጡ ከሆነ ደግሞ ስትገለብጡ ለአፍታ ኢንተራፕት ዝጉ፤ ባለ 8 ቢት ቺፕ እንዲህ ያለውን ቁጥር በአንድ ጊዜ ስለማያነሳው ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሊሆን ይችላል።

አናሎግ ሴንሰር ላይ ግን ነገሩ እንዴት ያምራል! ታይመር 1 አንዴ ካዘጋጀነው የአናሎግ ንባቡን በቀጥታ ያስጀምረዋል፤ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ቆይቶ ውጤቱ ሲደርስ በሌላ ኢንተራፕት ማንሳት ነው። እዚህ ኢንተራፕት ውስጥ ማንበብ ትክክል ነው።

እስቲ አሁን የራሳችሁን ኮድ ክፈቱ። ኢንተራፕቱ ውስጥ ዋየር ካያችሁ ዛሬውኑ ወደ ሉፑ አውጡት፤ ሉፑ ምልክቷን በጊዜው እንዲያያትም ውስጡ «ዲሌይ» ካለ አብራችሁ አጥፉት።