ፍንጣሪ ማረፊያ ያጣበት ቤት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 8 ቀን 2018 ማለዳ ከአንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር የተነሣ እሳት በሰሜን ካሊፎርኒያ የምትገኘውን የፓራዳይዝ ከተማ በሰዓታት ውስጥ አወደማት። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 በላይ ቤቶችና ሌሎች ሕንፃዎች ወደሙ። ከአደጋው በኋላ የተነሡት ፎቶግራፎች ግን አንድ እንቆቅልሽ ይዘው ነበር፦ ቤቱ እስከ መሠረቱ አመድ ሆኖ፣ በግቢው ያለው ጥድ እንደለመለመ ቆሟል።

ነበልባሉ አካባቢውን እየጠራረገ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛፉም አብሮ በነደደ ነበር። ብዙዎቹን ቤቶች የለኮሳቸው ፍንጣሪ ነው። ሰደድ እሳት በኃይለኛ ነፋስ ሲገፋ የሚነድ ቅርፊት፣ ቅጠልና የእንጨት ስባሪ ወደ ላይ ያነሣና አንዳንዴም ከኪሎ ሜትር በላይ አርቆ ይበትነዋል። ፍንጣሪው በአሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል፣ በእንጨት በረንዳ ሥር ወይም ግድግዳ ተደግፎ በተከመረ ማገዶ ላይ ያርፋል፤ ቀስ ብሎም ይያያዛል። በአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሾልኮ ከጣራው ሥር ከገባ ቤቱ ከውስጥ መንደድ ይጀምራል።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት ጃክ ኮኸን ነበልባል ራሱ ምን ያህል ርቀት ላይ ቤት እንደሚያቃጥል በሙከራ ፈትሸዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ሆን ተብሎ በተለኮሰ ደን ፊት ለፊት የእንጨት ግድግዳዎች ተተከሉ። 10 ሜትር ርቀት ላይ ከነበሩት ከፊሎቹ ሲቀጣጠሉ፣ በ20 እና በ30 ሜትር የቆሙት አልነደዱም። ሙቀቱ በርቀት በፍጥነት ይቀንሳል፤ ትልቁ ነበልባልም አንድ ቦታ ላይ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከግድግዳው ይጀምራል። ከቤቱ ዙሪያ 1.5 ሜትር ድረስ ጠጠር ወይም ሲሚንቶ እንጂ ተክልም ሆነ ማገዶ አይኖርም። እስከ 9 ሜትር ሣሩ አጥሮ ይታጨዳል፣ ቁጥቋጦው ይራራቃል፣ እሳት እንዳይወጣበት የዛፎች የታችኛው ቅርንጫፍ ይመለመላል። ከዚያ እስከ 30 ሜትር ዛፎቹ ይሳሳሉ። ጣራው ቆርቆሮ ወይም ሸክላ፣ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳም ከ3 ሚሊ ሜትር በማይሰፋ የብረት ወንፊት የተሸፈነ ቢሆን ይመረጣል።

ባሕር ዛፍ የሚወድ ሰው ደግሞ የኦክላንድን ታሪክ ቢያስታውስ ይበጀዋል። በ1991 በዚያች የካሊፎርኒያ ከተማ ኮረብታዎች 25 ሰዎችን የገደለውን እሳት ካባባሱት መካከል በዘይት የበለጸገ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት የሚያራግፈው ይኸው ዛፍ ይገኝበታል።

በፓራዳይዝ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ1997 በፊት ከተሠሩት ቤቶች የተረፉት 12 በመቶ ያህል ሲሆኑ ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ግን 38 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል። ከሚነድ ቤት አጠገብ የነበረ ቤት የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ስለነበር ጎረቤታሞች አብረው ቢያጸዱ ይበልጥ ይጠቀማሉ። የመውጫ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ቤቱ የቱንም ያህል ቢዘጋጅ ሳይዘገዩ መውጣት ያስፈልጋል።